ልጆችን በቤት ውስጥ አናጢነት ማስተማር፦ ከብርጭቆ ወረቀት እስከ በርጩማ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሐምሌና ነሐሴ ለልጆች ይረዝማሉ። ዝናቡ ቤት ያውላቸዋል፤ የሚቀራቸው ስልክና ቴሌቪዥን ነው። በረንዳ፣ ጋራዥ ወይም ቆርቆሮ የለበሰ ጓሮ ያለው ቤተሰብ በዚህ ወቅት ለራሱና ለጎረቤት ልጆች ትንሽ የአናጢነት ክፍል መክፈት ይችላል። የኤሌክትሪክ ማሽን አያስፈልግም፤ ባይኖር እንዲያውም ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው ከ6 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ነው። መድረሻው ልጁ ራሱ ሠርቶ ራሱ የሚቀመጥበት በርጩማ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ልጅ መጋዝ ሲያነሣ ወላጅ ደንግጦ እጁን በልጁ እጅ ላይ ይጭናል። ሁለት ሰው የያዘው መጋዝ ደግሞ ይወላገዳል፣ ይዘላል፤ ልጁም ምንም አይማርም። መያዝ ያለበት እንጨቱ ነው። እንጨቱን በሞርሳ፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ ጨምቆ በሚይዝ ማሰሪያ፣ ጥርቅም አድርጋችሁ እሰሩት፤ የልጁን ሁለት እጆች ልቀቁለት። ልጅ የሚጎዳው በአብዛኛው እንጨቱ ሲንሸራተትና ሌላኛው እጁ እንጨቱን ለመያዝ የመጋዙ ጥርስ አጠገብ ሲገባ ነውና የታሰረ እንጨት ትምህርትም ጥበቃም ነው።

ስንት ልጅ፣ ለምን ያህል ጊዜ

ለአንድ አዋቂ ሦስት ልጅ፣ ቢበዛ አራት። ከዚያ ካለፉ ታላቅ እህት ወይም አጎት ይጨመር። መጋዝ በሚያዝበት ቀን በአንድ ጊዜ የሚጋዘው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ ወይም ይለካሉ። ለትንንሾቹ 45 ደቂቃ ይበቃል፤ ትልልቆቹ ሰዓት ተኩል ይቆያሉ። አዲስ አበባ ላይ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብርሃኑም ጥሩ ነው። ቁርስ በልተው ይምጡ። የራበውና የደከመው ልጅ መዶሻ መያዝ የለበትም።

በስድስትና በሰባት ዓመት ብርጭቆ ወረቀት፣ ኮላና ምስማር፤ በስምንት ገደማ መጋዝ፤ ከአሥር በላይ የእጅ መሰርሰሪያና መላጊያ። ዕድሜው መነሻ ነው እንጂ ልጁን አይታችሁ ነው የምትወስኑት፤ የተባለውን ሰምቶ የሚቆም የሰባት ዓመት ልጅ ከማይሰማ የአሥር ዓመት ልጅ ቀድሞ መጋዝ ይይዛል። መሮ በዚህ ክፍል አይግባ፤ ከመጋዝም በላይ እጅ የሚቆርጥ መሣሪያ ነውና ሌላ ዓመት ይጠብቅ። ሴቶቹን ልጆች ደግሞ «አንቺ ቀለም ቀቢ» ብላችሁ ወደ ዳር አታውጧቸው። መጋዙ ተራ አለው፤ ተራዋ ሲደርስ ትጋዛለች።

እንጨቱ

ብዙ ሰው ቤቱ ካለው ባህር ዛፍ ይጀምራል፤ ለልጅ ግን አይመችም። እርጥቡ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ የደረቀው ደግሞ ምስማር ያጎብጣል። ትንሽ ልጅ ሦስት ምስማር በተከታታይ ከጎበጠበት «እኔ አልችልም» ብሎ ይደመድማል፤ ጥፋቱ ግን የእንጨቱ ነው። የሚስማማው የፈረንጅ ጥድ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ መጋዝ አይነክስበትም። ግራቪሊያም ደህና ነው። ዋንዛ ሲሠራበት ደስ ይላል፤ የጅማ በርጩማም የሚፈለፈለው ከዋንዛ ግንድ ነው። ሆኖም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ እነዚህ ዛፎች ዛሬም ጥበቃ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ስለዚህ ዋንዛ ከፈለጋችሁ የቤት ዕቃ ከሚሠሩ ሰዎች ቁርጥራጭ ለምኑ። ለልጆች መሆኑን ስትነግሯቸው ብዙዎቹ በነፃ ይሰጣሉ።

ሲመርጡ ጉጥ የበዛበትን ይተዉ፤ ጉጥ ላይ መጋዝም ምስማርም ያስቸግራል። ድርቀቱን ለማወቅ ጣውላውን ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት፤ እርጥብ ከሆነ ይቀዘቅዛል። ዕቃ የሚጫንበት ፓሌት ካገኛችሁ ማኅተሙን እዩ። በላቲን ፊደል «ኤች ቲ» የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፤ «ኤም ቢ» የሚለው በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ለልጅ አይሁን። አሮጌ ቀለም የተቀባ በርና መስኮትም ይቅር፤ የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ሲፈገፈግ ብናኙን የሚተነፍሰው ልጁ ነው። ችፑድ ደግሞ ጫፉ ይፈራርሳል፣ ምስማር አይይዝም፣ አቧራው ከነኮላው ነው።

መሣሪያው

እንደ አዋቂ መሣሪያ ሁሉ እውነተኛ ይሁን፤ ብቻ ክብደቱ ይቀንስ። መጫወቻ መዶሻ ምስማር አይመታም፤ ልጁም እየተታለለ መሆኑን ያውቃል። ከ200 እስከ 250 ግራም የሚመዝን መዶሻ፣ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ አጭር የእንጨት መጋዝ፣ ለቀጫጭን እንጨት ሴጌቶ (ክፈፍ ያለው ቀጭን መጋዝ)፣ እስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን ማስመሪያ)፣ ሜትር፣ እርሳስ፣ ምስማር መንቀያ ጉጠት፣ ወስፌ፣ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ቁጥር 80፣ 120 እና 180 ብርጭቆ ወረቀት፣ እንዲሁም ሁለት ሞርሳ። አዲስ አበባ ያላችሁ ምናለሽ ተራን ዞር ዞር ብላችሁ ብታዩ ያገለገለ ነገር ግን ጠንካራ መሣሪያ አታጡም። ያገለገለ መጋዝ ስትገዙ ግን ወዲያው አስሞርዱት። የደነዘ መጋዝ ልጅን አይቆርጥም ብሎ እንዲሁ መተው ስሕተት ነው፤ የደነዘውን ልጁ በሙሉ ጉልበቱ ይገፋዋል፣ ሲያመልጠውም በዚያው ጉልበት ያመልጠዋል።

ማስቲሽ ፈጽሞ እዚህ ቦታ አይምጣ። ጠረኑ ጭንቅላት የሚያዞር፣ ሱስ የሚያስይዝ ነው፤ በየጎዳናው ልጆችን ምን እንዳደረገ የምናየው ነው። በውኃ የሚታጠበው ነጭ ኮላ ለዚህ ሁሉ ሥራ ይበቃል።

ሞርሳ መግዛት ካልተቻለ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠንካራ እንጨት በብሎን እሰሩና የሚቆረጠውን በመካከላቸው አስገብታችሁ በሽብልቅ ወጥሩት። ጠረጴዛው የልጁ ክርን ጋ ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ ይድረስ። ከፍ ካለ ልጁ ትከሻውን ሰቅሎ ይሠራል፤ ቶሎ ይደክመዋል።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ሥሩ፤ የመጋዝ ማረፊያ። 25 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ውሰዱ። በአንደኛው ፊት ጠርዙ ላይ 3 በ3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዘንግ በኮላና በምስማር ምቱ፤ ጣውላውን ገልብጣችሁ በተቃራኒው ጠርዝ እንዲሁ ሌላ ዘንግ ምቱ። የታችኛው ዘንግ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይነክሳል፤ የላይኛው የሚቆረጠውን እንጨት ከኋላ ያግዳል። የላይኛውን ዘንግ መጋዙ በሚያርፍበት በኩል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አሳጥሩት፤ ለቀኝ እጅ በቀኝ፣ ግራኝ ልጅ ካላችሁ በግራ በኩል ያጠረ ሌላ ሥሩለት። ግራኝን በቀኝ እጁ እንዲጋዝ ማስገደድ አደጋ መጋበዝ ነው።

ደንቡ

ደንብ ከበዛ ልጅ አይይዘውም። የተሸፈነ ጫማ፤ የታሰረ ፀጉር፤ የተሰበሰበ እጅጌ፤ ስካርፍና ነጠላ አውልቆ መግባት፤ መዶሻና መጋዝ ሲያዝ የዓይን መከላከያ መነጽር። መሣሪያ ይዞ መሮጥ የለም፤ መሣሪያም ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ አይወሰድም። አዋቂው «እጅ ወደ ላይ!» ሲል ሁሉም ያለውን አስቀምጦ ሁለት እጁን ያነሣል፤ ይህንን መጀመሪያ ቀን እንደ ጨዋታ ደጋግማችሁ አለማምዷቸው።

አጠገባችሁ ንጹሕ ጨርቅ፣ ፋሻ፣ ሳሙናና ውኃ ይኑር። የተቆረጠ ጣት በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ከፍ ተደርጎ ይያዛል፤ ከፍቶ የሚደማ ወይም ጥልቅ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ። ስንጥር የገባበትን ቦታ ታጥባችሁ፣ በእሳት ተለብልቦ በበረደ መርፌ አውጡት። የጎረቤት ልጆችን ከመቀበላችሁ በፊት ወላጆቻቸውን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መከተባቸውን ጠይቁ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ማለስለስ

አብዛኞቹ ልጆች የሚመጡት መዶሻ ለመያዝ ነው። ቢሆንም በብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ፤ ምክንያቱም የእንጨቱን መስመር በጣት የሚያስተምር ሌላ ሥራ የለም። ለየአንዳንዱ እጅ የሚሞላ ቁርጥራጭ ስጡ፤ ወረቀቱን በትንሽ እንጨት ላይ ጠቅልለው ይያዙ። በመስመሩ አቅጣጫ እንዲያሹ፣ ከዚያ ሆን ብለው መስመሩን አቋርጠው እንዲያሹ አድርጉና ጭረቱን በብርሃን ይዩት። ልዩነቱን ከእናንተ ከመስማት ራሳቸው ቢያዩት ይሻላል። በ80 ጀምረው በ120 ቀጥለው በ180 ይጨርሱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይዳስሱት። ጥግ ጥጉን ማዞር አይርሱ። ይህን ሥራ ውጭ ወይም ነፋስ በሚገባበት በረንዳ ላይ ነው የምትሠሩት፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ አታራግፉት።

ሁለተኛው ቀን፦ ምስማር

ወፍራም የፈረንጅ ጥድ ቁራጭ ሞርሳ ላይ እሰሩ፤ ጭንቅላቱ ሰፊ የሆነ የ3 ሴንቲ ሜትር ምስማር ስጧቸው። ቀዳዳውን በወስፌ ያስጀምሩ፤ ምስማሩን በጣት ሳይሆን በልብስ መቆንጠጫ ወይም በአሮጌ ማበጠሪያ ጥርስ መካከል ይያዙት። መጀመሪያ በቀስታ መታ መታ፤ ምስማሩ ራሱን ችሎ ሲቆም መቆንጠጫው ይነሣል፣ ያዡ እጅ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከዚያ ይመታል። መዶሻውን አንገቱ ሥር ጨብጠው ከያዙት ቀስ በቀስ ወደ እጀታው ጫፍ አውርዷቸው፤ የመዶሻው ክብደት እንዲሠራላቸው እንጂ ክንዳቸው እንዳይታገል።

አናጢዎች የሚያውቁትን አንድ ዘዴ አሳዩአቸው። ከጣውላ ጫፍ አጠገብ የሚመታ ምስማር እንጨቱን ይሰነጥቃል። ምስማሩን ገልብጣችሁ ሹል ጫፉን በመዶሻ መታ አድርጋችሁ ትንሽ አደንዙት። ሹሉ ጫፍ ክሩን እንደ ሽብልቅ እየገፋ ይከፍተዋል፤ የደነዘው ግን እየሰበረ ያልፋል፣ ስለዚህ ስንጥቁ ይቀራል። ሁለቱንም ጎን ለጎን መትተው ያወዳድሩ። ልጆች በዚህ በጣም ይደነቃሉ፤ ጫፉን የማደነዙ ሥራ ግን ምስማሩን በጉጠት በያዘ አዋቂ ይሠራ።

የጎበጠ ምስማር ይነቀላል እንጂ አይገረፍም። ጉጠቱ ሥር ቀጭን እንጨት አስገብቶ መንቀል ራሱን የቻለ ትምህርት ስለሆነ ልጁ ይንቀለው፤ እናንተ አትንቀሉለት። ሲያልቅ ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣ የድምፅ ማጉያ ማግኔት ስጧቸውና ወለሉን ይፈትሹ፤ የወደቀ ምስማር ማግኘት ለትንንሾቹ ሽልማት ነው፣ ለእናንተም የባዶ እግር ዋስትና።

ሦስተኛው ቀን፦ መለካትና መጋዝ

አንድ ጣውላ አስቀምጡና እያንዳንዱ በራሱ ስንዝር ይለካው። አንዱ አምስት ይላል፣ ሌላዋ ስድስት፤ አባት ሲለካው አራት ከምናምን። ቤት የሠሩ አያቶቻችን በስንዝርና በክንድ ሲለኩ በአንድ ሰው ክንድ ለምን እንደሚጨርሱ ያኔ ይገባቸዋል። ከዚያ ሜትሩን ስጧቸው፤ ሁሉም አንድ ቁጥር ሲያነቡ ይዩ። ሴንቲ ሜትርና ሚሊ ሜትር በክፍል ውስጥ ያልገባው ልጅ እዚህ ይገባዋል።

መስመር የሚሰመረው በእስኳድራ ነው፤ የእስኳድራው ክንድ የጣውላው ጠርዝ ላይ ጥብቅ ብሎ፣ እርሳሱ ተቀርጾ። ተርፎ በሚጣለው በኩል የመስቀል ምልክት ያድርጉ፤ መጋዝ ራሱ ውፍረት ስላለው መስመሩን በዚያ በኩል ነክቶ መሄድ አለበት፣ አለበለዚያ ቁራጩ ያጥራል።

አሁን መጋዙ። እንጨቱ ማረፊያው ላይ በሞርሳ ታስሯል። ልጁ ከመጋዙ ጋር በአንድ መስመር ይቁም፤ ግራ እግሩ ወደ ፊት፤ አመልካች ጣቱ በእጀታው ጎን ተዘርግቶ ወደሚቆረጥበት ይጠቁም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጭረቶች ወደ ራሱ የሚጎተቱ ብቻ ናቸው፤ ጉድጓዱ ሲያዝለት ረጅምና ዝግ ያለ ምልልስ። አዋቂዎች ጣታቸውን አስደግፈው መጋዝ ያስጀምራሉ፤ ልጅ ያንን አይሥራ፣ በጣቱ ፋንታ ቁራጭ እንጨት ያስደግፍ። ሌላኛው እጅ የት ይሁን? ሞርሳው ላይ፣ ወይም ከጀርባ። መጨረሻው ሲቃረብ ግፊቱን ይቀንስ፤ ቁራጩ በኃይል ሲገነጠል ጠርዙን ይዞ ይሄዳል።

ዝም ብላችሁ የምትቆሙበት ሰዓት ይህ ነው። መጋዙ ይዞራል፣ መስመሩ ይጠፋል፣ ልጁ ቀና ብሎ ያያችኋል። «ወደ የት ሄደብህ? ከየት ብትመልሰው ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጋዙን ግን አትቀበሉት። ጠማማ የቆረጠውንም አትጣሉበት፤ ቀኑን ጻፉበትና አስቀምጡት።

ከአራተኛው ቀን ጀምሮ፦ በርጩማው

ለአንድ ልጅ 1 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ይበቃል። ከእሱ መቀመጫው 32፣ ሁለቱ እግሮች እያንዳንዳቸው 22 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣሉ። ከቀረው አግዳሚው 20 በ8 ይወጣል፤ የዚህን ስፋት የሚቀንሰው አዋቂ ነው። ጣውላውን ለመቁረጥ ሴጌቶ አይሆንም፤ ክፈፉ ጣውላውን ስለሚነካ መሐል ላይ ይቆማል። ደቃቅ ጥርስ ባለው የእንጨት መጋዝ፣ ጣውላው ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ በሁለት ሞርሳ ታስሮ ይቆረጥ፤ ተንጠልጥሎ የሚወርደውን ጫፍ አንድ ልጅ ከታች ይደግፍ። 20 ሴንቲ ሜትር መቁረጥ ለልጅ ረጅም ነው፤ እየተቀያየሩ ይሥሩት፣ አንድ ቀን ሙሉ ቢወስድም ምንም አይደለም።

ከመገጣጠም በፊት ሁሉንም ያለስልሱ፤ በኋላ ጥግ ውስጥ ወረቀት አይገባም።

መቀመጫው ላይ ከየጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ መስመር ይሰመር፤ ምስማሮቹ የሚያርፉት እዚያ ነው፣ የእግሩም መሐል ከሥሩ እዚያ ይውላል። እግሮቹ ሲቆሙ በመካከላቸው ልክ 20 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ አግዳሚው ለዚህ ነው 20 የሆነው። ሂሳቡን ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት፤ ከ32 ላይ የሁለቱን ጠርዝ 8 እና የሁለቱን እግር ውፍረት 4 ሲቀንሱ ይደርሱበታል።

መጀመሪያ ሁለቱን እግሮች በአግዳሚው አገናኙ። አግዳሚው ከእግሮቹ ላይኛ ጫፍ ጋር እኩል፣ በስፋታቸው መሐል ይሁን። ኮላ ተቀብቶ ከውጭ በኩል በየእግሩ ሁለት የ5 ሴንቲ ሜትር ምስማር፤ እስኳድራ አስገብታችሁ ቀጥ ማለቱን እዩ። ከዚያ መቀመጫውን በላዩ። ሦስት ምስማር በየእግሩ፣ ሁለት በአግዳሚው ላይ። ምስማሩ በቆመ እንጨት ጫፍ ውስጥ ብዙ አይይዝም፤ ስለዚህ አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ ትንሽ አዘንብለው ይምቱ፣ እንዲህ ሲሆን መቀመጫው ወደ ላይ አይነቀልም። የወጣውን ኮላ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። በክረምት ቅዝቃዜ ኮላው ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ሙሉ ቀንና ሌሊት ማንም አይቀመጥበት።

በማግሥቱ በርጩማው ቢነቃነቅ ደልዳላ በሆነ ወለል ላይ አቁሙና የትኛው ጥግ እንደተንጠለጠለ ወረቀት እያስገቡ ይፈልጉ፤ የረዘመው ተለይቶ በ80 ወረቀት ይበላል። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር የሆነበትን ጥቅም ለመንገር ጥሩ ጊዜ ነው፤ ሦስት ነጥብ በማንኛውም ወጣ ገባ መሬት ላይ ያርፋል፣ አራተኛው ነጥብ ነው ችግር የሚያመጣው።

ለመጨረሻው ቅባት ቫርኒሽ አልመክርም፤ ጠረኑ ለልጆች ከባድ ነው። የተጣራ ሰምና የተልባ ዘይት አንድ ለአራት አድርጋችሁ፣ ዕቃውን በፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጣችሁ አቅልጡት፤ ይህን አዋቂ ይሥራ፣ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ። ሲበርድ ልጆቹ በጨርቅ ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ትርፉን ይጥረጉ፤ የተልባ ዘይት በክረምት ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል። ጨርቁን ግን ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ እንዳትጥሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ያለ ክብሪት በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አስጡት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ከበርጩማው ቀጥሎ ትንንሾቹ የእርሳስ ማስቀመጫ ሳጥን ይሥሩ፤ ልኩ ያንሳል፣ መጋዙ ይበዛል። ትልልቆቹ ግን እናንተ ሳትጠይቋቸው ኩሽኔታ፣ ማለትም በኩሽኔታ ጎማ የሚሄድ የልጆች ጋሪ፣ መሥራት ይፈልጋሉ። ፍቀዱላቸው፤ መጋዝ፣ ምስማርና ልኬት ሁሉ እዚያ አለ። መቀመጫ ጣውላው ከ2 ሴንቲ ሜትር አይሳሳ፤ የፊቱ ዘንግ መሐሉ ላይ በአንድ ወፍራም ብሎን ታስሮ ይዙር፤ ኩሽኔታዎቹ የሚገቡበት ዘንግ ጫፍ በሞረድ ክብ ተደርጎ ጥብቅ ይበል፣ ምስማርም ከውጭ ይግታው። ከኋላ በኩል መሬት የሚነካ ማቆሚያ እንጨት በማጠፊያ ይታሰርለት፣ የሚፈተነውም ግቢ ውስጥ ነው፤ መኪና በሚያልፍበት ቁልቁለት ላይ አይወጣም።